ዝም ብሎ የመጣው ዛፍ

በዋሽንግተን ከተማ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኒውዮርክ አቬኑ ከሚባለው ጩኸታም ጎዳና ዳር፣ ብሔራዊ አርቦሬተም የተባለ ሰፊ የዛፎች ሥፍራ አለ። ከአገራችን ልጆች ብዙዎች ታክሲያቸውን እየነዱ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ግን ጥቂት ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ከሚያልፉት አንዱ ነበርሁ። በዚህ ሥፍራ፣ ዝቅ ባለ የሸክላ ገበታ ላይ የተተከለ አንድ አሮጌ ዛፍ ይታያል። ቁመቱ ከአንድ ትንሽ ልጅ አይበልጥም። አጠገቡ የቆመው ጽሑፍ ግን የሰው እጅ ይህን ዛፍ መንከባከብ የጀመረው በ1625 መሆኑን ይናገራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእኛ ታሪክ ስናሰላው፣ ዐፄ ሱስንዮስ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ ጎንደርም ገና ሳትቆረቆር ማለት ነው።

ቦንሳይ የሚለው የጃፓን ቃል «በገበታ የተተከለ» ማለት ነው። ብዙ ሰው ልዩ የድንክ ዛፍ ዘር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከጫካው ዛፍ የማይለይ ተራ ዘር ነው፤ ለጋ ሳለ ከገበታው አውጥተው ሜዳ ላይ ቢተክሉት እንደ ወገኖቹ ያድጋል። ትንሽ ሆኖ የሚቆየው ቅርንጫፉ በየጊዜው ስለሚከረከም፣ በየጥቂት ዓመቱም ከገበታው ወጥቶ ሥሩ ስለሚቆረጥ ነው። ይህን የሰሙ ወዳጆቼ «ታዲያ ዛፉን ማሠቃየት አይደለምን?» ይሉኛል። እንደ ሐኪም የምሰጣቸው መልስ ይህ ነው፦ የወፈረው ሥር ሲቆረጥ በምትኩ ውኃና ምግብ የሚስቡ ቀጫጭን ሥሮች ይበቅላሉ፤ በጠባቡ አፈር የሚያኖሩትም እነርሱ ናቸው። ቦንሳይን የሚገድለው መረሳት ነው። በዋሽንግተን የሐምሌ ሐሩር፣ አንዲት ቀን ውኃ የተነፈገ ገበታ የብዙ ትውልድ ድካም ሊያደርቅ ይችላል። የአራት መቶ ዓመት ቦንሳይ ማለት እንግዲህ ያልተበጠሰ የሰው እጅ ቅብብል ማለት ነው።

የጥበቡ ምንጭ ቻይና ነው። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ706 በተሠራው የልዑል ሊ ሺየን መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ትንንሽ ተክልና ድንጋይ የተደረደረበትን ገበታ ተሸክመው የሚሄዱ አገልጋዮች ተሥለው ይገኛሉ። ጃፓኖች ጥበቡን ከቻይና ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት፤ በ1309 የተዘጋጀ አንድ የጃፓን ጥቅል ሥዕልም በገበታ የተተከሉ ዛፎችን ያሳያል። «ሃቺ ኖ ኪ» የሚባለው ጥንታዊ የጃፓን ቴአትር ደግሞ ስለ አንድ ደኸየ ጦረኛ ይተርካል። ሀብቱን ሁሉ አጥቶ የቀሩት ሦስት የገበታ ዛፎች ብቻ ናቸው። በበረዶ ሌሊት አንድ የማያውቀው መነኩሴ በሩን ቢያንኳኳ፣ የሚማገድ እንጨት ስላልነበረው፣ የሚወዳቸውን ዛፎች ፈልጦ እንግዳውን አሞቀ። መነኩሴውም የአገሩ ገዥ ሆኖ ተገኘ። እኛ እንግዳ ስለ መቀበል የምንኮራ ሕዝብ ነንና ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይሆንም።

ይህ ጥበብ ግን በሰላም ብቻ የኖረ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1923 ቶኪዮንና አካባቢዋን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፣ የከተማዋ የቦንሳይ ባለሙያዎች ንጹሕ ውኃ፣ ጥሩ አፈርና ሰፊ ቦታ ፍለጋ ዛፎቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ተሰደዱ፤ በ1925ም ኦሚያ በተባለ ሥፍራ የቦንሳይ መንደር መሠረቱ። መንደሩ ዛሬም አለ። ከዕቃቸው አስቀድመው ምን እንደ ጫኑ መገመት አያስቸግርም፤ ዕቃ ይተካል፣ የአያት ዛፍ አይተካም።

ከሃያ ዓመት በኋላ የመጣው መከራ የባሰ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ከጧቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ በሂሮሺማ የአቶሚክ ቦምብ ፈነዳ። እስከዚያ ዓመት መጨረሻ የሞተው ሰው 140 ሺህ ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ቦምቡ ከፈነዳበት ሥፍራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የያማኪ ቤተሰብ የዛፍ ማሳደጊያ ይገኝ ነበር። የቤቱ መስኮቶች ተሰባበሩ፤ ቤተሰቡ ግን በሕይወት ተረፈ። ዛፎቹንም በዙሪያቸው የነበረው ግንብ ከፍንዳታው ጋረዳቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ያኔ ዕድሜው ከሦስት መቶ ዓመት ያለፈ፣ ነጭ ፓይን የሚባለው ዛፍ ነበር።

በዚያው ጦርነት ወቅት በአሜሪካ ምን ይደረግ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በየካቲት 1942 በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት 120 ሺህ ያህል የጃፓን ተወላጆች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች፣ ከቤታቸው ተለቅመው በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ታጎሩ። በዩታ በረሃ በሚገኘው በቶፓዝ ካምፕ አንድ እስረኛ የጥቁር ፓይን ዘር በባዶ ጣሳ ዘርቶ አበቀለ። ያ ዛፍ ዛሬ በሌላኛው ዋሽንግተን፣ በምዕራብ ዳርቻው ግዛት በሚገኘው የፓሲፊክ ቦንሳይ ሙዚየም ይኖራል። በየካቲት 2020 ሌቦች ከሌላ አንድ ዛፍ ጋር ሰርቀውት ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ሁለቱም ዛፎች ሙዚየሙ አጠገብ ተቀምጠው ተገኙ።

ወደ ሂሮሺማው ዛፍ እንመለስ። አሜሪካ 200ኛ የነጻነት ዓመቷን በ1976 ስታከብር የጃፓን የቦንሳይ ማኅበር 53 ዛፎችን በስጦታ አቀረበ። አንዱ ከንጉሠ ነገሥቱ ግቢ የወጣ ቀይ ፓይን ነበር። ነጩን ፓይን የሰጡት ማሳሩ ያማኪ የተባሉት የሂሮሺማ ሰው ናቸው። ዛፎቹ ተባይና በሽታ ይዘው እንዳይገቡ ተብሎ በሜሪላንድ ግሌን ዴል በተባለ ቦታ አንድ ዓመት ያህል ተገልለው ቆዩ። የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠብቅ ዓመታት የቆጠረ ወገኔ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከዚያም ወደ አርቦሬተሙ ገቡ፤ ለእነርሱ ሲባል የተቋቋመው ክፍልም ዛሬ ብሔራዊ የቦንሳይ ሙዚየም ሆኗል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እኔን የያዘኝ። ያማኪ ዛፉን ከተማቸውን ላቃጠለው አገር ሲሰጡ፣ ዛፉ ምን አይቶ እንደ መጣ የሚያውቅ በአርቦሬተሙ አልነበረም። ጠባቂዎቹ በየቀኑ ያጠጡት ነበር። በ2001 ሁለት የያማኪ የልጅ ልጆች ከጃፓን መጥተው፣ በልጅነታቸው ሲወራ የሰሙትን ዛፍ ለማየት ጠየቁ፤ የቦምቡን ቀን ታሪክም ያን ጊዜ ተረኩ። በመካከሉ 25 ዓመት አልፎ ነበር። እነዚያ ሁለት ወጣቶች ባይመጡ ኖሮ ዛፉ አሁንም በሕይወት ይኖር ነበር፤ ታሪኩ ግን ከአዋቂዎቹ ጋር ይቀበር ነበር። ለዛፉ የተደረገው የእጅ ቅብብል ለታሪኩም ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ ዝምታ ብዙ አስቤአለሁ። ያማኪ ስጦታቸው ወቀሳ እንዳይመስል ፈልገው ዝም ብለው ይሆናል፤ ይህም ትልቅነት ነው። ነገር ግን እኔ ያደግሁት በሌላ ዓይነት ዝምታ ቤት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜን ሌሊት ከቤት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባታችን ከዚያ ቀን እስኪሞቱ ድረስ ስሙን በቤታችን አላነሡም፤ ፎቶግራፉም ከግድግዳው ወረደ። እኔም ለሕክምና ትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ከዚያም ወደዚህ አገር ስመጣ ይህንኑ ዝምታ ይዤ ወጣሁ። ለልጆቼ አላወራሁም። እንዲያውም ከመከራ የጠበቅኋቸው ይመስለኝ ነበር።

ከአርቦሬተሙ ደርሼ በመጣሁበት ዓመት ከገበያ አንዲት የጥድ ቦንሳይ ገዛሁ። አላዋቂነቴ ብዙ ነበርና ብርድ እንዳይነካት ብዬ ክረምቱን ሙሉ ሳሎን ውስጥ በመስኮት ሥር አኖርኋት። ጥድ የውጭ ተክል ነው፤ ብርዱን አግኝቶ ካላረፈ አይበረክትም። በየቀኑ አጠጣት ነበር፤ አረንጓዴም ነበረች። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ቅጠሏን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይቺ ከሞተች ሳምንታት ሆኗታል፤ ጥድ ሞቶም አረንጓዴ መስሎ ይቆያል» አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ልብ ምት ያዳመጥሁ ሰው፣ ሬሳ ሳጠጣ መክረሜን አላወቅሁም ነበር። ያን ዕለት ያሰብሁት ስለ ጥዷ ብቻ አልነበረም። በቤቴ ውስጥ ደኅና መስሎ የተቀመጠው ዝምታም እንዲሁ ነበር።

ባለፈው ጸደይ ሴት ልጄን ይዤ ወደ አርቦሬተሙ ሄድሁ። በነጩ ፓይን ፊት ቆማ ጽሑፉን አነበበችና «አባዬ፣ ሰውየው ሲሰጥ ለምን አልተናገረም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ስለ ያማኪ ልመልስላት አፌን ከፈትሁና ስለ አባቴ መናገር ጀመርሁ። ከውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ ኳስ እንዴት እንደሚጫወት፣ የፊደል ገበታ ያስቆጠረኝም እርሱ እንደ ሆነ፣ በዚያች ሌሊት የለበሰው ሹራብ ቀለም ምን እንደ ነበር ነገርኋት። በመጨረሻም ስሙን ነገርኋት። በእኛ ቋንቋ ብዙ የማትናገረው ልጄ፣ እንዳትረሳው ነው መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ጠራችው።