የታተመው ሥዕልና የጎንደር ሠዓሊ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦዜፍ ቬርኔ በ18ኛው ምዕተ ዓመት በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ትእዛዝ የሣላቸውን 15 የወደብ ሥዕሎች ኮሸንና ለ ባ በመዳብ ቀርጸው አሳተሟቸው። የባሕሩ ቀለም ጠፍቶ ጥቁር መስመር ቀረ፤ ሥዕሉ ግን ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ለብዙዎች ደረሰ።

በአገራችን ደግሞ ከዚያ 100 ዓመት ያህል ቀድሞ የዚህ ተቃራኒ ተፈጽሟል። ቴምፔስታ ነድፏቸው በእንጨት ተቀርጸው በ1591 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በዐረብኛ ወንጌል የታተሙት ሥዕሎች ጎንደር ደረሱ። በ1664/65 እ.ኤ.አ. የተጻፈው አራቱ ወንጌል እነርሱን ተከትሎ ተሣለ፤ የእኛ ሠዓሊ ግን ለጥቁሩ መስመር ቀለም አለበሰው።

ይህ መጽሐፍ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከወሎ ደጋ፣ ከመቅደላ አምባ፣ ከወሰዳቸው አንዱ ሲሆን ዛሬ ለንደን ይገኛል። የመካነ ሰላም ተማሪ በጎረቤቱ አምባ የነበረውን መጽሐፍ በዓይኑ ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበታል።