የፖቶማክ ዳርቻው ሰፈር፦ ሕንፃው ታደሰ፣ ነዋሪውስ?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምትኖሩ ሁሉ ‹‹ዘ ዋርፍ›› የሚባለውን የወንዝ ዳር መዝናኛ ታውቁታላችሁ። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው ቦታ ነው። ከዚያ ሁሉ መብራት በስተጀርባ ያለውን ታሪክ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሰፈሩ ሳውዝዌስት ይባላል። የዓሣ ገበያው እ.ኤ.አ. ከ1805 ጀምሮ ዛሬም አለ። በኤፕሪል 1848 በባርነት የተያዙ 77 ሰዎች ከዚሁ ዳርቻ ‹‹ፐርል›› በምትባል የሸራ መርከብ ተሳፍረው በሌሊት ወደ ነፃነት ተጓዙ። ወንዙን ወርደው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ሲደርሱ ነፋስ ከፊታቸው ገጠማቸው። መልሕቅ ጥለው ሲጠብቁ፣ አሳዳጆቻቸው በእንፋሎት መርከብ ደረሱባቸው። ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ግዛቶች ተሸጡ።

ባርነት ከቀረ በኋላ ሰፈሩ የጥቁር ሠራተኞችና የአይሁድ ነጋዴዎች መኖሪያ ሆነ። ድህነት ነበር፤ የቧንቧ ውኃ የሌላቸው ቤቶችም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሱቁና ጉርብትናው ግን የነዋሪው ነበር።

በ1950ዎቹ መንግሥት ‹‹ሰፈሩ የተጎሳቆለ ነው፣ ይፍረስ›› አለ። አንድ ባለ ሱቅ ‹‹የእኔ ሱቅ ምን ጎደለውና ነው የሚፈርሰው?›› ብሎ ተሟገተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በሙሉ ድምፅ ፈረደበት፦ አካባቢው በጅምላ የሚታደስ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ቤት ብቻውን መጥፎ መሆኑ መረጋገጥ የለበትም ተባለ። ቡልዶዘሩ ገባ። ወደ 23 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ጥቁር፣ ተበተነ። በቦታው የተሠሩት አዳዲስ አፓርታማዎች ኪራይ ለአብዛኞቹ የሚቀመስ አልነበረም።

ዘ ዋርፍ በ2017 ሲከፈት ከጎዳናዎቹ አንዱ ‹‹ፐርል›› ተባለ። የመርከቧ ስም ተመለሰ፤ የተበተነው ሕዝብ ግን አልተመለሰም።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳን መፍረስ ያየ ሁሉ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከተማ መታደሱን የሚጠላ የለም፤ ውኃ በሌለው ቤት ኑሩ ብሎ የሚፈርድም አይኖርም። ነገር ግን ‹‹አምሮበታል ወይ?›› ከማለታችን በፊት ‹‹ነዋሪው ተጠይቋል ወይ? ተመልሶ የሚኖርበት አቅምስ አለው ወይ?›› ብለን እንጠይቅ። የሳውዝዌስት ሰዎች ይህን ጥያቄ የሚመልስላቸው አላገኙም። እኛ ግን ገና ልንጠይቅ እንችላለን።