ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ፥ ከወለጋ ወደ ባሌ ለሚሄድ ቤተ ሰብ

ወንዝ ለሰው ልጅ ሁለት መልክ አለው። ታንኳና ድልድይ ላለው መንገድ ነው፤ ለሌለው ግን ድንበር ነው። ይህንን የወለጋ ሰው ሌላ ሳይነግረው ያውቃል። አገሩ በዓባይ፥ በደዴሳ፥ በአንገር፥ በዳቡስና በብርብር መካከል የተቀመጠች ናትና፥ ክረምት በገባ ጊዜ ወዳጅ ከወዳጁ፥ ነጋዴ ከገበያው የሚለያይበትን ዘመን አባቶቹ አሳልፈዋል። ደግሞም ውኃ መንገድ ሲሆን አይቷል። በ1902 በፈረንጆች አቆጣጠር ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ተፈቀደ፤ ከዚያም በኋላ ባሮ በክረምት በሞላ ቍጥር ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ በዚያ አገር መርከብና ጀልባ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ንግድ ነው።

ነገር ግን በኢትዮጵያ ምድር ጀልባ ለንግድ ሳይሆን ወደ ምድር ሆድ ለመግባት የሚፈለግበት ስፍራ አለ። ይኸውም በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ዛሬ ከነቀምቴ ተነሥቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይህን ዋሻ ለማየት የሚያስብ አባት ቢኖር፥ በአዲስ አበባ አልፎ እስከ ሮቤ፥ ከሮቤም ወደ ምሥራቅ በጎሮ በኩል ሲጓዝ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። መንገዱ ረጅም ስለ ሆነ ሊያይ የሚሄደው ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅና ለልጆቹም መንገር ይገባዋል፤ ሳያውቁ የሄዱበት ቦታ ዓይንን አጥግቦ ልብን ባዶውን ይመልሳልና።

ወይብ የተባለው ወንዝ ከባሌ ተራሮች ይመነጫል። ደጋውን ለቆ ወደ ቈላው ከወረደ በኋላ በሶፍ ዑመር መንደር አጠገብ የኖራ ድንጋይ ግድግዳ ይገጥመዋል። ሌላ ወንዝ ቢሆን ዞሮ ያልፍ ነበር፤ ወይብ ግን ወደ ድንጋዩ ይገባል። በምድር ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በጨለማ ከሄደ በኋላ በሌላው ወገን ከገደል ሥር ወጥቶ የቀረ ጕዞውን ይቀጥላል። በመጨረሻም ከገናሌ ጋር ተቀላቅሎ በሶማሌ ምድር ጁባ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ሆኖ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። የወለጋ ውኃ ደግሞ በዓባይና በባሮ በኩል ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ይሄዳል። እንግዲህ ከነቀምቴ ወደ ሶፍ ዑመር የሚጓዝ ቤተ ሰብ ከአንዱ ባሕር ወገን ወደ ሌላው ባሕር ወገን ይሻገራል ማለት ነው፤ ይህም ብቻውን ለተማሪ ልጅ ትልቅ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው።

ድንጋዩን የከፈተው ኃይል ምንድር ነው ቢባል፥ ራሱ ውኃው ነው። የኖራ ድንጋይ በጥንት ዘመን በባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው፤ የዝናብ ውኃም ከአየርና ከአፈር የሚወስደው ጥቂት አሲድ ይህን ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ስንጥቁ ቀዳዳ፥ ቀዳዳው መተላለፊያ፥ መተላለፊያው አዳራሽ የሚሆነው እንዲህ ነው። በሶፍ ዑመር ውስጥ የዓምዶች አዳራሽ የሚባለው ስፍራ ሊቃነ ሕንፃ ያቆሙት እስኪመስል ድረስ በረጃጅም ዓምዶች የተደገፈ ነው፤ ነገር ግን ያን ያነጸ መዶሻ የለም፤ ውኃ የሚሟሟውን ወስዶ የተረፈውን አቁሞታል።

የወለጋ ልጅ በዚያ ስፍራ አንድ ነገር ወዲያው ይገባዋል። ከዋሻው መግቢያዎች አንዱ ሆልቃ ይባላል፤ ሆልቃ ማለት በኦሮምኛ ዋሻ ማለት ነው። የአነጋገሩ ዜማ ቢለያይም የነቀምቴው ልጅ የባሌውን መሪ ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል። ይህ የቋንቋ አንድነት የጥንት ታሪክ ምልክት ነው፤ የወለጋ ሰው ወደ ባሌ ምድር ሲሄድ የዛሬው የመጀመሪያው አይደለምና።

እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ድረስ ከሜጫ ወገን የተመረጡ መልእክተኞች በደቡብ ምሥራቅ ደጋ ወደሚኖረው ወደ አባ ሙዳ ይሄዱ ነበር። እነዚህ መንገደኞች ጂላ ይባላሉ። ጕዞው በእግር ብዙ ወር የሚፈጅ ነበር፤ የሚያልፉበትም አገር ሁሉ ወዳጅ አልነበረም። ነገር ግን ጂላዎቹ የጦር መሣሪያ ሳይዙ፥ እንደ ተቀደሱ ሰዎች ሆነው ይሄዱ ስለ ነበር በየደረሱበት የሚነካቸው የለም፤ ይልቁንም ማደሪያና ምግብ ይሰጧቸው ነበር። ከአባ ሙዳ ቅብዐትና ምርቃት ተቀብለው ወደየአገራቸው ይመለሳሉ። ወለጋ ክርስትናን በሰፊው ከተቀበለ በኋላ፥ የማዕከላዊው መንግሥትም ሥልጣን ከሰፋ በኋላ ያ ጕዞ ቀረ። ታሪኩ ግን አንድ ትምህርት ትቷል፤ ይኸውም ወደ ሰው ቅዱስ ስፍራ የሚሄድ ሰው መሣሪያውንና ትዕቢቱን በቤቱ ትቶ ቢሄድ በሩ እንደሚከፈትለት ነው።

ሶፍ ዑመርም ቅዱስ ስፍራ ነው። እስልምና ወደ ባሌ ከመድረሱ አስቀድሞ ሰዎች ዋሻውን በፍርሃትና በክብር ያዩት እንደ ነበር ይነገራል። በኋላም፥ የአገሩ ትውፊት እንደሚለው፥ ሼህ ሶፍ ዑመር አሕመድ የተባሉ የእስልምና መምህር ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ገደማ መጥተው በዋሻው ውስጥ ተቀመጡ፤ ከደቀ መዛሙርታቸውም ጋር ይጸልዩበት ነበር። ስሙ በስማቸው የተጠራውም ስለዚህ ነው። በባሌ የታወቀው የድሬ ሼህ ሁሴን ስፍራም ከዚህ ጋር በትውፊት የተያያዘ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ለብዙ ሰዎች ይህ ዋሻ የጸሎት ደጅ እንጂ የመዝናኛ ስፍራ ብቻ አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ ክርስቲያን አንባቢ፥ የሌላ ሃይማኖት ስፍራ ለቤተ ሰብ ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ ከራሱ ታሪክ ይገኛል። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ዋሻ አደረ፤ ዳዊትም ከሳኦል ፊት ሸሽቶ በዋሻ ተጠጋ። በላስታ በ12ኛው ምዕት ዓመት በታላቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሩቅ አገር እንግዳ ያን ለማየት ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲገባ ይጠበቃል። ያን ክብር ለራሱ የሚሻ ሰው ለጎረቤቱም ሊሰጥ ይገባዋል። እንግዳ ሆኖ መግባት ሃይማኖትን መለወጥ አይደለም፤ የሰውን ደጅ ማክበር ነው።

ዋሻ ደግሞ በዚህ አገር የመከራም ማስታወሻ ነው። በ1939 በፈረንጆች አቆጣጠር፥ በጠላት ወረራ ዘመን፥ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ወገን በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ከነርሱም ጋር የነበሩ ሴቶችና ሕፃናት በኢጣልያ ሠራዊት የመርዝ ጋዝና ጥይት ብዙ መቶ ሆነው አለቁ። አምላክ ለሰው መጠጊያ ያደረገውን ስፍራ ሰው መቃብር አደረገው። ልጅን ወደ ዋሻ ይዞ የሚገባ አባት ይህንም ቢነግረው ጨለማውን በከንቱ አያስፈራበትም፤ የተጠጉበትን ሰዎች ያስባልና።

ሶፍ ዑመርን ለውጭው ዓለም በጽሑፍ ካስታወቁት ቀደምት መንገደኞች አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ነው። በ1894 ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ በባሌ በኩል ሲያልፍ ዋሻውን አይቶ፥ በ1897 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ ጻፈው። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1972 የእንግሊዝ የዋሻ መርማሪዎች ጓድ መጥቶ መተላለፊያዎቹን ለካ፤ ድምሩም 15.1 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሶፍ ዑመር በኢትዮጵያ ከተለኩት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ተባለ። ወንዙ በዋሻው ውስጥ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ በበጋ እንኳ ከመግቢያ እስከ መውጫ የሚሄድ ሰው ውኃውን ደጋግሞ መሻገር አለበት፤ ጥልቅ በሆነበትም ስፍራ ጀልባ፥ ገመድና የማይጠፋ መብራት ያሻዋል። በክረምት ግን ወይብ ሲሞላ የሚደፍረው የለም። ደዴሳን በክረምት ያየ የወለጋ ሰው ይህን ለመረዳት ምክር አያስፈልገውም።

በሌሎች አገሮች በምድር ውስጥ በጀልባ መሄድ የብዙ ቤተ ሰቦች ልማድ ሆኗል። በፈረንሳይ ፓዲራክ በተባለው ጕድጓድ ኤድዋር ማርቴል የተባለው መርማሪ በ1889 የሚታጠፍ የሸራ ጀልባ ይዞ ወረደ፤ በኋላም ሕዝብ በጀልባ የሚገባበት ስፍራ ሆነ። በሊባኖስም የጄይታ ዋሻ የታችኛው ክፍል ከ1958 ጀምሮ በጀልባ ይጐበኛል፤ ከዚያም የሚወጣው ምንጭ የቤይሩት ከተማ የሚጠጣው ውኃ ነው። በዚያ አገር የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዋሻው ተዘግቶ ቆይቶ በ1995 እንደ ገና ተከፈተ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ለባሌ የሚቀርበው ምሳሌ የኒው ዚላንድ የዋይቶሞ ዋሻ ነው። በ1887 ታኔ ቲኖራው የተባለው የማኦሪ ባላባት ከአንድ እንግሊዛዊ ቀያሽ ጋር፥ ከተክል ግንድ በታሰረ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ሻማ እያበራ በምድር ውስጥ በሚሄደው ወንዝ ገባ። የጣና ሰው ከደንገል የሚያስረውን ታንኳ ያየ ሰው የዚያን ታንኳ መልክ መገመት አያቅተውም። በዋሻው ጣራ ላይ እንደ ከዋክብት የሚያበሩ ትሎች አገኙ። ባላባቱም ከ1889 ጀምሮ ከቤተ ሰቡ ጋር ሆኖ እንግዶችን እየመራ ያስገባ ነበር። ነገር ግን የጐብኚው ቍጥር በበዛ ጊዜ፥ በ1906፥ መንግሥት ዋሻውን ከባለቤቶቹ ወሰደው። ለባለ አገሮቹ ዘሮች የተመለሰው በ1989 ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመት ሙሉ የአያቶቻቸውን ደጅ ሌላ ሰው ሲከፍትና ሲዘጋ አዩ።

ይህ ነገር ለሶፍ ዑመር ሩቅ አይደለም። በ2011 ኢትዮጵያ ይህን ስፍራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ እጩዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። ስሙ በታወቀ መጠን መንገዱ ይሻሻላል፥ እንግዳው ይበዛል፥ ጀልባውም ይመጣል፤ ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጀልባው በመጣ ጊዜ ቀዛፊው ማን ይሆናል? የሚገኘውስ ገንዘብ ለማን ይሆናል? ሊጸልይ የመጣው ሽማግሌና ሊስቅ የመጣው ጐብኚ በአንድ ደጅ እንዴት ይተላለፋሉ? ወንዙ ከዋሻው ወጥቶ የቈላው ሰውና ከብት የሚጠጣው ነውና፥ በውስጡ የተጣለው ቆሻሻስ የሚደርሰው ወዴት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች እንግዳው ከመብዛቱ በፊት እንጂ በኋላ የሚመለሱ አይደሉም፤ የዋይቶሞ ታሪክ ይህን ያስተምራል።

ትልቁን ሥርዐት መንግሥትና የአገሩ ሽማግሎች ያወጡታል። ትንሹን ሥርዐት ግን ያ ከነቀምቴ የተነሣው ቤተ ሰብ ዛሬውኑ ሊፈጽመው ይችላል። በበጋ ይሂድ፤ ከመንደሩ ሰው መሪ ይያዝ፥ ዋጋውንም ሳይቀንስ ይክፈል። መብራቱን ከአንድ በላይ አድርጎ ይያዝ፤ ሕፃናቱን በጥልቁ ውኃ ዳር አይልቀቅ። በግድግዳው ላይ ስሙን አይጻፍ፤ ያ ግድግዳ ከርሱና ከአያቶቹ ስም ይልቅ እጅግ የቈየ ነውና። የሚጸልይ ሰው ባገኘ ጊዜ ልጆቹን ዝም ያሰኝ፤ እስኪጨርስም ቆሞ ይጠብቅ።

ያን ጊዜ ልጆቹ ሁለት ነገር ይዘው ይመለሳሉ። አንዱ ዓይናቸው ያየው የድንጋይ አዳራሽና የጨለማ ወንዝ ነው። ሁለተኛው ግን አባታቸው በሰው ደጅ እንዴት እንደ ቆመ ነው። የጥንቶቹ ጂላዎች ከባሌ ወደ ወለጋ ሲመለሱ ይዘውት የሚመጡት ከሁሉ የከበረ ነገር ምርቃት ነበር። በክብር ገብቶ በክብር የወጣን እንግዳ የባሌ ሽማግሌ ዛሬም ሳይመርቅ አይሸኘውም።