የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ጆርናልና የኢኮኖሜትሪክስ ስልት

የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ጆርናል የሀገሪቱን ምጣኔ ሀብት የሚመለከቱ ጥናቶችን የሚያወጣ የሙያ መጽሔት ነው። አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማህበር ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1992 ለንባብ በቅቷል። ጆርናሉ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲወጣ የተቋቋመ ነው።

በርካታዎቹ ጥናቶች የሚጠቀሙበት ስልት ኢኮኖሜትሪክስ ይባላል። ይኸውም የኢኮኖሚ ንድፈ ሐሳብን፣ ሂሳብንና ስታቲስቲክስን በማጣመር የአንድን ተግባር ውጤት ከሌሎች ምክንያቶች ለይቶ የሚለካ ዘርፍ ነው። የዘርፉ ቀዳሚ መጽሔት «ኢኮኖሜትሪካ» መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። የመጀመሪያው ዋና አዘጋጁ ኖርዌያዊው ራግናር ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከሆላንዳዊው ያን ቲንበርገን ጋር ተጋርተዋል።

የስልቱ አስፈላጊነት በስንዴና በገብስ አምራችነቱ በሚታወቀው የአርሲ ደጋ በግልጽ ይታያል። በበቆጂ አካባቢ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚጎበኘው አርሶ አደር ከጎረቤቱ የበለጠ ምርት ቢያገኝ፣ ልዩነቱ የምክሩ ውጤት ነው ብሎ ወዲያውኑ መደምደም አይቻልም። ሠራተኛው አስቀድሞ የሚደርሰው ለመንገድ ቅርብ ወደሆነው፣ በሬና ለም መሬት ወዳለው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነት ሪፖርት ላይ የተመሠረተ በጀት ድሃውን አርሶ አደር ሊዘነጋ ይችላል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ አንድን ቤተሰብ በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ መጠየቅና ከራሱ የቀድሞ ሁኔታ ጋር ማነጻጸር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በ15 የገጠር መንደሮች ይህንኑ አድርጓል። ከመንደሮቹ አንዷ በአርሲ፣ ዶዶታ ወረዳ የምትገኘው ኮሮዴጋጋ ናት።

ስቴፋን ዴርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሐና በዚሁ መረጃ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የግብርና ኢኮኖሚክስ ጆርናል ባወጡት ጥናት፣ ቢያንስ አንድ የኤክስቴንሽን ጉብኝት የድህነትን መጠን በ9 ነጥብ 8 የመቶኛ ነጥብ፣ ክረምት ከበጋ የሚያገለግል መንገድ ደግሞ በ6 ነጥብ 9 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አመልክተዋል።

ይሁን እንጂ አኃዞቹ የ15ቱ መንደሮች አማካይ ውጤቶች ናቸው። ኮሮዴጋጋ ድርቅ የሚያጠቃት ቆላማ መንደር ስትሆን፣ በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም የወረዳ ዕቅድ አዘጋጅ ከእንዲህ ዓይነት ጥናት አኃዙን እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ፣ እነማን ከእነማን ጋር እንደተነጻጸሩ መርምሮ በአካባቢው መረጃ ማገናዘብ ይጠበቅበታል።