ከዲስኬት እስከ መረብ፦ በሕክምና ተቋማት ኮምፒዩተሮች ላይ የደረሱ ሦስት ጥቃቶች

ሐኪም የሕመምተኛውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታው ከሂፖክራተስ መሐላ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። የሕመምተኛው ታሪክ በወረቀት ተጽፎ በካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ በሚቀመጥበት ዘመን፣ የሐኪሙ አንደበት መቆጠብና የክፍሉ በር መቆለፍ ግዴታውን ለመፈጸም በአመዛኙ ይበቃ ነበር። መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ ወዲህ ግን በሩ በዛ፤ ቁልፉም በብዙ ሰዎች እጅ ገባ። አደጋው እንዴት እያደገ እንደመጣ ለመረዳት በ1989፣ በ2017 እና በ2021 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የደረሱትን ሦስት ጥቃቶች መመልከት ይጠቅማል።

በዲሴምበር 1989 ወደ 20,000 የሚጠጉ ዲስኬቶች በፖስታ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላኩ። ከተቀባዮቹ መካከል የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው የኤድስ ጉባኤ የተካፈሉ ሰዎች ይገኙ ነበር። ዲስኬቱ አንድ ሰው በኤድስ የመያዝ ዕድሉን የሚገምት መጠይቅ ይዟል። መጠይቁ በእርግጥም ይሠራ ስለነበረ፣ ስለ በሽታው ዕውቀት በተጠማው በዚያ ዘመን ብዙዎች ሳይጠራጠሩ ተጠቀሙበት። በውስጡ የተሸሸገው ፕሮግራም ግን ኮምፒዩተሩ የተከፈተበትን ጊዜ ይቆጥር ነበር፤ ቁጥሩ 90 ገደማ ሲደርስ የፋይሎቹን ስም አዛብቶ ከባለቤቱ ይሰውርና 189 ዶላር በፓናማ ወደሚገኝ የፖስታ ሣጥን እንዲላክ ይጠይቃል። የተዛባው ስማቸው እንጂ የፋይሎቹ ይዘት ስላልነበረ ብዙም ሳይቆይ መፍትሔ ተገኘለት። ይሁንና ደንግጠው ዲስካቸውን የደመሰሱ ሰዎች የምርምር ሥራቸውን በገዛ እጃቸው አጡ። ጆሴፍ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር ተከሶ እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ቢቀርብም፣ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ለፍርድ ብቁ አይደለም ተብሎ ጉዳዩ ቀረ።

ከ27 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የመጣው አደጋ ፖስታም ሆነ ዲስኬት አላስፈለገውም። ዓርብ፣ ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ተዛማች ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ማስለቀቂያ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ከ236 የሕዝብ ጤና አገልግሎት አስተዳደሮች ቢያንስ 80 ያህሉ ሥራቸው ተስተጓጎለ፤ አምስት ሆስፒታሎች የድንገተኛ ሕመምተኞችን ወደ ሌላ ቦታ ለመላክ ተገደዱ። የተሰረዘው የቀጠሮ ብዛት ከ19,000 በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። የሚያሳዝነው፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት በማርች 2017 ወጥቶ መቆየቱ ነው። ማስጠንቀቂያም ተላልፎ ነበር፤ ግን በብዙ ቦታ ሥራ ላይ አልዋለም። አንድ የኮምፒዩተር ደኅንነት ባለሙያ የፕሮግራሙን ማስቆሚያ በዚያው ዕለት ባያገኝ ኖሮ ጉዳቱ ከዚህ የከፋ ይሆን ነበር።

ሦስተኛው ጥቃት የደረሰው በአየርላንድ ነው። በማርች 18 ቀን 2021 የአገሪቱ የጤና አገልግሎት አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የመጣለትን ፋይል ከፈተ። አጥቂዎቹ በዚያ በር ገብተው ስምንት ሳምንት ያህል ከመረቡ ውስጥ ሲዘዋወሩ ቆዩ። የጸረ ቫይረሱ ፕሮግራም በወሩ መጨረሻ ምልክታቸውን አይቶ ነበር፤ ነገር ግን እንዲያይ እንጂ እንዲያግድ አልተዘጋጀም። በሜይ 14 ቀን መረቡ ሲቆለፍ ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ወረቀትና ብዕር ተመለሱ። የጨረር ሕክምና ተስተጓጎለ፤ በደብሊን የሚገኘው የሮታንዳ የወሊድ ሆስፒታል እርግዝናቸው 36 ሳምንት ከሞላ እናቶች በስተቀር አብዛኛውን የተመላላሽ ቀጠሮ ሰረዘ። መንግሥት ገንዘብ አልከፍልም አለ። አጥቂዎቹ ከስድስት ቀን በኋላ መክፈቻውን በነጻ ቢሰጡም፣ የተቆለፉትን ዋና ኮምፒዩተሮች በሙሉ ለመክፈት እስከ ሴፕቴምበር 2021 ድረስ ወስዷል።

ሦስቱ ጥቃቶች በረቀቀ መሣሪያቸው ቢለያዩም የገቡበት በር ተራ ነው፦ ያልተመረመረ ዲስኬት፣ የዘገየ ማሻሻያ፣ ሰሚ ያጣ ማስጠንቀቂያ። መድኃኒቱም እንደዚሁ ተራ ነው። የይለፍ ቃልን ለባልደረባ አለማዋስ፣ ምንጩ ያልታወቀ ፋይልን አለመክፈት፣ የተሳሳተ ሰው ወቀሳን ሳይፈራ ወዲያው እንዲያመለክት ማድረግ፣ የመዝገቡን ቅጂ ከመረቡ ውጭ ማስቀመጥ፣ የወረቀት ቅጾችን አዘጋጅቶ አስቀድሞ መለማመድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቀጠሮዋ የተሰረዘባት እናት የምትጠይቀው የኮምፒዩተር ክፍሉን ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ ሲሻገር እጁን መታጠብ ግዴታው እንደሆነ ሁሉ፣ የመዝገቡን በር መጠበቅም የሙያው አንድ ክፍል ሆኗል።