ፒክሰል የማን ልጅ ነው?

ሞባይል ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ «ካሜራው ስንት ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። ሻጩ «ሃምሳ ሜጋ!» ይላል፤ እኛም አዋቂ መስለን ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን እንከፍላለን። ሃምሳ ምን? ሃምሳ ሚሊዮን ፒክሰል። ፒክሰልስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ሁላችንም ተያየን። እናም ቃሉን ወደ ኋላ ተከትለነው ሄድን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ፍቺው አያስቸግርም። ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጠው ተጣብቀዋል፦ «ፒክስ» ሥዕሎች፣ «ኤል» ደግሞ ከ«ኤለመንት» የተቀነጨበ። የሥዕል ቅንጣት እንበለው። «ፒክስ»ን በ1930ዎቹ ያስለመዱት በርዕስ ቦታ የተጨነቁት የአሜሪካው የ«ቫራይቲ» ጋዜጠኞች ናቸው፤ ፊልሞችን እንዲያ ብለው ያሳጥሩ ነበር። የሙያችን ሰዎች እጅ ስላለበት ትንሽ ኮራን።

ነገርየው ግን ከስሙ ይቀድማል። በ1957 ራስል ኪርሽ የተባለ አሜሪካዊ የሦስት ወር ልጁን ፎቶ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። ፎቶው በአግድም 176፣ በቁም 176 ነጥብ ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱም ወይ ጥቁር ወይ ነጭ።

ስሙ በጽሑፍ የወጣው በ1965 ነው። ከጨረቃና ከማርስ የሚመጡ ምስሎችን በሚያቀናብረው በካሊፎርኒያው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ፍሬድ ቢሊንግስሊ ተጠቀመበት። አባቱ እሱ ነው እንዳንል፣ ከኪት ማክፋርላንድ ሰማሁት አለ። ማክፋርላንድ ሲጠየቅ ደግሞ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይለው እንደነበር እንጂ ከየት እንደመጣ አላውቅም ብሎ አረፈው። ሁለቱም «የኔ ነው» ቢሉ ማን ይከለክላቸው ነበር?

በዚያው ዓመት ሐምሌ ማሪነር 4 ማርስን አልፋ ስትሄድ የላከችው አንድ ፎቶ 40,000 ነጥብ ነበረው፤ ምድር ለመድረስ ስምንት ሰዓት ያህል ፈጀ። መሐንዲሶቹ መጠበቅ አቃታቸው። የሚደርሱትን ቁጥሮች በወረቀት ጥብጣብ አትመው፣ ጥብጣቦቹን ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ እያንዳንዱን ቁጥር እንደ ብርሃኑ መጠን በእጃቸው ቀለም ቀቡት። ማርስን በቅርብ ያዩት መጀመሪያ በዚያ ሥዕል ነው። ፒክሰል ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላገኘንም፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ቁጥር፣ በቃ።

ታዲያ ወደ ሱቁ እንመለስ። «ሜጋው» ነጥቦቹን ቆጠረ እንጂ ጥራታቸውን አልነገረንም። ብርሃን የሚቀበለው ቺፕ ትንሽ ከሆነ ሃምሳ ሚሊዮኑ ተጨናንቀው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት ነው። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ባለ ሃምሳ ሜጋ ስልኮች፣ ካልነካካናቸው በስተቀር፣ አራት አራቱን አንድ እያደረጉ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ገደማ የሚሰጡን። ሻጩን ስለ ቺፑ ስፋት ጠየቅነው። «ሃምሳ ሜጋ ነው አልኳችሁ እኮ!» አለን።