«የማህጸን በር»

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጎፋም በጀሞም ሰው «የማህጸን ካንሰር» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የማህጸን በር ካንሰርን ማለቱ ነው። ሁለቱ ግን ይለያያሉ። ከራሱ ከማህጸን የሚነሣው ካንሰር ሌላ በሽታ ነው። የማህጸን በር የምንለው ማህጸንን ከብልት ጋር የሚያገናኘውን የታችኛውን ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ እዚያ የሚነሣው ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ መነሻው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ እጅግ የተለመደ ስለሆነም የማንንም ጠባይ አይመሰክርም። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ በአንድ ሁለት ዓመት ያስወግደዋል። ካልተወገደ፣ በተለይ 16 እና 18 የተባሉት ዓይነቶች፣ ሕዋሳት ከልክ በላይ እንዳይባዙ የሚገቱ ፕሮቲኖችን ያሰናክላሉ። ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ኤችአይቪ ባለባት ሴት ግን ይፈጥናል።

«በር» የሚለውን ቃል አትዝለሉት የምለው ለዚህ ነው፦ ቦታው በዓይን ይታያል። የጤና ባለሙያ አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) ቀብታ የተለወጠውን ክፍል ታያለች፤ ካንሰር ከመሆኑ በፊትም ይታከማል። በአገራችን ምርመራው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል።

ቫይረሱን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ዘመቻ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ መርፌ ተሰጠ። መካን ያደርጋል የሚባለው ሐሰት ነው። የንፋስ ስልክ ላፍቶ እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ፤ እናንተም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ።